«ቀርቷል፣ አይመረትም» ለተባላችሁ ሳይክለኞች

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ናቸው፣ ሳይክሌ ደህና ነው፣ አንድ ዕቃ ብቻ ተበላሸብኝ፣ ስጠይቅ «እሱ እኮ ቀርቷል፣ አይመረትም» ይሉኛል፣ ምን ይሻለኛል የሚል ነው። እኔ አቋሜን መጀመሪያ ልናገርና ወደየጥያቄያችሁ ልግባ። አብዛኛውን ጊዜ የቀረው ስሙና የሞዴል ቁጥሩ ነው እንጂ ልኩ አይደለም። ሳይክል ላይ ያለ ነገር ሁሉ ዲያሜትር አለው፣ ወርድ አለው፣ ፊሌቶ (የቡሎን ጥርስ) አለው፣ እነዚህን ለክታችሁ ከያዛችሁ በሌላ ስም የሚሸጥ የሚገጥም ዕቃ የማግኘት ዕድላችሁ በጣም ሰፊ ነው። ስለዚህ ካሊፐር (የዲያሜትርና የውፍረት መለኪያ) ይኑራችሁ። ደሞ እባካችሁ አዲሱ ገጥሞ እስኪሠራ ድረስ አሮጌውን አትጣሉ፣ ተሰብሮም ቢሆን ልኩ ያለው እሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ የፈረንሳይ የብረት ሳይክል አለኝ። ፔዳሉን ስረግጥ ይንገጫገጫል፣ ፔዳሉ የሚዞርበትን ቦተም ብራኬት ስፈታው በካቴና በኩል ያለው ኩባያ ውስጡ ተበልቷል። አዲስ አምጥቼ ልገጥም ስል ሁለት ዙር ገባና ጠጠረ። ጠንከር አድርጌ ላስገባው? የፈረንሳይ ልክ ከቀረ ቆይቷል፣ ቴላዮውን (ዋናውን የሳይክሉን አካል) ጣለው የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳታጠነክረው! ሁለት ዙር ገብቶ የጠጠረው ፊሌቶው ስላልሆነ ነው፣ ከዚህ በላይ ብትገፋው የቴላዮውን ፊሌቶ ትላጨዋለህ፣ ያኔ ነው እውነተኛው ችግር የሚመጣው። ምን መሰለህ፣ አሁን በብዛት የሚገኘው የእንግሊዝ ልክ የሚባለው ነው፣ ዲያሜትሩ 1.37 ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ፊሌቶ አለው፣ በሚሊሜትር ወደ 34.8 ይመጣል። የድሮው የፈረንሳይ ደሞ 35 ሚሊሜትር ሆኖ ከአንዱ ፊሌቶ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት ልክ 1 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ 0.2 ሚሊሜትር ስለሆነ በዓይን አይለይም፣ ሲነካም የሚገባ ይመስላል፣ ስንትና ስንት ጥሩ ቴላዮ የተበላሸው በዚች ትንሽ ልዩነት ነው። የጣሊያኑ ሌላ ነው፣ 36 ሚሊሜትር በ24 ፊሌቶ፣ ቦተም ብራኬቱ የሚገባበት የቴላዮው ቤት ወርዱም 70 ሚሊሜትር ነው፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የመንገድ ሳይክል ግን 68።

አሮጌውን ኩባያ ስትፈታ ወዴት እንደዞረልህ አስታውስ፣ ይሄ ትልቅ መረጃ ነው። የእንግሊዙ በካቴና በኩል ግራ ፊሌቶ ስለሆነ የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ግን እንደማንኛውም ቡሎን ከሰዓት በተቃራኒ ይፈታሉ። ስዊስ የሚባል ደሞ አለ፣ ልኩ እንደ ፈረንሳይ 35 በ1 ሆኖ በካቴና በኩል ያለው ግራ ፊሌቶ ነው፣ አንዳንድ የፈረንሳይ ሳይክል ላይም ስለሚገኝ የፈረንሳይ ሳይክል ነው ብለህ ብቻ አትደምድም። የፊሌቶ መለኪያ ከሌለህ ከኋላ እግር (ከኋላው ተሽከርካሪ) የወጣ አክስል ፈልግ፣ አብዛኛው የኋላ አክስል 10 ሚሊሜትር በ1 ነው (ካምፓኞሎ የሚባለው የጣሊያን ካምፓኒ የድሮዎቹ ይለያሉ) ፣ እሱን ከአሮጌው ኩባያ ፊሌቶ ጋር አጋጥመህ ወደ ብርሃን ያዘው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን ሳያሳይ ከተቃቀፈ 1 ሚሊሜትር ነው፣ መሀል ላይ ከተዛነፈ የኢንች ነው።

አሁን ወደ መፍትሄው። መጀመሪያ ኩባያውን ጠርገህ በደንብ እየው፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ ኳሶቹን ቀይረህ አዲስ ግራሶ ሞልተህ ገና ብዙ ትነዳዋለህ። ኳሶቹ በየጎኑ 11፣ ልካቸው 1/4 ኢንች ነው፣ ይሄ ደሞ መቼም የማይቀር ነገር ነው፣ ሳይክል ባይኖር እንኳን ሌላ ማሽን ሁሉ ይጠቀምበታል። በጥልቀት ከተበላ ግን ሁለት ጥሩ መንገድ አለህ። አንደኛው ፊሌቶ የማይፈልገው ቦተም ብራኬት ነው፣ ኩሽኔታው የታሸገ ሆኖ ሁለቱ ጎኖች እርስ በርስ እየተጣበቁ ቤቱን ከውጭ ይጨብጡታል፣ ፊሌቶህ ፈረንሳይ ሆነ ስዊስ ወይ የተላጨ አይመለከተውም። ሁለተኛው «ፊል ውድ» የሚባለው ካምፓኒ እንደሚሠራው ያለው ነው፣ መሀሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚይዙት ቀለበቶች ለየብቻ ይሸጣሉ፣ አንተ የፈረንሳይ ቀለበት ትመርጣለህ። ቤቱን ወደ ጣሊያን 36 ማስቆረጥም ይቻላል፣ ግን ከዛ ወዲያ መመለሻ ስለሌለው እኔ የመጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው።

እዚሁ ላይ ጨምሬ ልንገርህ ምክንያቱም ነገ ደሞ ሌላው ይመጣብሃል፣ የዛ ዘመን የፈረንሳይ ሳይክል ከሆነ የመሪው አንገት ወደ ሹካው የሚገባው ክፍል 22.0 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል፣ የተለመደው 22.2 ነው፣ በጉልበት እንዳትጨምረው፣ በሞረድና በአሸዋ ወረቀት ቀነስ ማድረግ ይቻላል። ፔዳሉም 14 በ1.25 ሊሆን ይችላል፣ የዛሬው 9/16 ኢንች ነው። ቴላዮህን በፍጹም አትጣል።

ጥያቄ፦ ባለ 7 የሺማኖ ማርሽ መቀየሪያዬን ስገፋው ባዶውን ይሄዳል፣ አንዳንዴ ይይዛል አንዳንዴ አይዝም። ሞዴሉ ቀርቷል ተባልኩ፣ ከነካሴቱ (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) ከነዲሬለሩ (ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው) ወደ ባለ 11 ልቀይር እንዴ?

መልስ፦ ቆይ ቆይ! እንደዚህ የሚያደርጉ መቀየሪያዎች አብዛኞቹ አልተበላሹም። ፋብሪካ የገባው ግራሶ ከዓመታት ብዛት ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኖ ነው፣ ውስጥ ያለችው ትንሿ ምላስ በሞላ ተገፍታ ጥርሱን መያዝ ሲገባት ግራሶው ይዟት ስለምትቀር ሊቨሩ ባዶውን ይሄዳል። በተለይ ሳይነዳ የቆመ ሳይክል ላይ የተለመደ ነው። ካቮውን አውጣ፣ ሽፋኑን ክፈት፣ ዋናውን ግን አትበትነው ምክንያቱም ሞላዎቹ ዘለው ከወጡ መልሶ መሰብሰብ በጣም ከባድ ነው። ከዛ ደብሊው ዲ 40 ወይም ሌላ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ በቀጭኑ ቱቦ ወደ ውስጥ ንፋ፣ ሊቨሮቹን ደጋግመህ ግፋ፣ ቆሻሻው ይውጣ፣ እንደገና ንፋ፣ ካስፈለገም አሳድረው። ቀጥ ቀጥ የሚለው ድምፅ ሲመለስ ትሰማዋለህ። ስፕሬዩ ግራሶ ማጠቢያ እንጂ ማለስለሻ ስላልሆነ መጨረሻ ላይ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርግበት። የመኪና ፍሬን ማጠቢያ ግን አትጠቀም፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይበላዋል።

ካልሆነስ? ካልሆነም ባለ 11 አያስፈልግህም። የባለ 7 ካሴት ከጥርስ ወደ ጥርስ 5.0 ሚሊሜትር ነው፣ የባለ 8 ደሞ 4.8፣ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ የሺማኖ ባለ 8 መቀየሪያ በባለ 7 ካሴት ላይ መሀለኛው ማርሽ ላይ አስተካክለህ ከጀመርክ ጥሩ አድርጎ ይሠራል፣ አንድ ትርፍ ቀጥ ይኖርሃል እንጂ ሌላ ችግር የለውም። ከዛም በላይ ቀጥ የማይለው በግጭት የሚሠራው መቀየሪያ አለ፣ እሱ ባለ 5 ይሁን ባለ 9 አይመርጥም፣ እጅህ እስኪለምደው ብቻ ነው። አንድ መቀየሪያ ቆመ ብሎ ሙሉ ሳይክል ማስቀየር ትክክል አይደለም፣ እንደዚህ ብሎ የሚመክራችሁን አትስሙ።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የተላለፈልኝ ባለ 3 ማርሽ ሳይክል አለ፣ የኋላው ሀብ (ማርሹ ውስጡ ያለበት የእግሩ መሀል) ላይ ስተርሚ አርቸር ኤ ደብሊው ይላል። ከአክስሉ ውስጥ የምትወጣው ትንሽ ሰንሰለት ተበጠሰች። ፋብሪካው ተዘግቷል ይሉኛል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ግማሹ እውነት ነው። ስተርሚ አርቸር እ.ኤ.አ. በ1902 እንግሊዝ ኖቲንግሃም የተመሠረተ ነው፣ ያንቺው ኤ ደብሊው የሚባለው ሀብ ደሞ በ1936 የወጣ ነው። የኖቲንግሃሙ ሥራ በ2000 ቆሟል፣ ግን ስሙንና ማሽኑን የታይዋኑ ሰንሬስ ገዝቶ ወደዛ ወስዶ መሥራቱን ቀጠለ፣ ስለዚህ የተዘጋው ቤቱ ነው እንጂ ዕቃው አይደለም። አያትሽ የነዱትን ሀብ ዛሬም ማስነሳት ይቻላል፣ እኔ በሳይክል ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ልቤን የሚያሞቀው ነገር ጥቂት ነው።

ያቺ ሰንሰለት የምትመረጠው በአክስሉ ርዝመት ነው፣ ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት አክስሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኪ፣ የተበጠሰችውንም ይዘሽ ሂጂ። ሀቡ ላይ የተመታውን ቁጥርም እዪ፣ ብዙዎቹ ላይ የተሠሩበት ዓመት የመጨረሻ ሁለት አሀዝ አለ። አዲሷን በእጅሽ ብቻ አስገቢያት፣ እስከ መጨረሻው ካጠበቅሽ በኋላ ወደ ካቮው አቅጣጫ እስክትስተካከል ድረስ ቢበዛ ግማሽ ዙር መልሻት፣ በመፍቻ እንዳታጠብቂያት። ከዛ መቀየሪያውን ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርጊና በዳዶው መስኮት ወደ ውስጥ እዪ፣ ሰንሰለቷ የተያያዘችበት ዘንግ ጫፍ ከአክስሉ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ይሄ ማስተካከያ በጣም ወሳኝ ነው ምክንያቱም በድሮው ኤ ደብሊው በሁለተኛና በሦስተኛ መሀል ምንም የማይዝበት ባዶ ቦታ አለ፣ ካቮው ላላ ብሎ እዛ ላይ ከገባ ቆመሽ ስትረግጪ ፔዳሉ በድንገት ባዶውን ይሄድና ትወድቂያለሽ። ሀቡ ላይ ትንሽ የዘይት ቀዳዳ ካለው ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጊበት፣ ውስጡን በወፍራም ግራሶ አትሙዪው፣ ምላሶቹን ይይዛቸዋል።

ጥያቄ፦ የእኔ ሳይክል እግር 27 ኢንች ነው። 27 ጎማ ጠፋና «700 ያው ነው» ብለው ሰጡኝ፣ ስታገል ውዬ አልገባልኝም።

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን አልገባልዎት። 27 እና 700ሲ አንድ አይደሉም። ጎማ ላይ በኢንች የተጻፈው ስም እርስ በርሱ የተምታታ ስለሆነ እሱን ይተዉትና ጎን ላይ ያለውን በሰረዝ የተለያየ ቁጥር ይፈልጉ፣ ለምሳሌ 32-630 የሚል። የመጀመሪያው የጎማው ወርድ ነው፣ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር በሚሊሜትር። 27 ኢንች 630 ነው፣ 700ሲ ደሞ 622፣ የ8 ሚሊሜትር ልዩነት አላቸው። ትንሹ በትልቁ ቸርኬ ላይ እምቢ ይላል፣ እርስዎ ያጋጠመዎት ይሄ ነው። አደገኛው ተቃራኒው ነው፣ 630 ጎማ በ622 ቸርኬ ላይ በቀላሉ ይገባና ሲነፋ ወይ ሲነዱ ዘሎ ይወጣል።

630 ጎማ ዛሬም ይመረታል፣ ምርጫው ነው የጠበበው፣ ስለዚህ ሲጠይቁ «27» ሳይሆን «630» ይበሉ። ለዘለቄታው እግሩን ወደ 622 መቀየር ከፈለጉ የፍሬኑ ጎማ በየጎኑ 4 ሚሊሜትር ዝቅ ማለት አለበት፣ የፍሬን ክንዱ ላይ ያለው ማስተካከያ ስንጥቅ ያን ያህል ቦታ ካለው ሌላ ምንም አይነካም፣ እንደውም ወፈር ያለ ጎማና ፓራፋንጎ የሚገባበት ቦታ ያገኛሉ። «28» የሚለው ስም ደሞ የባሰ ነው፣ አንዳንዱ 622 ነው፣ የድሮዎቹ ከባድ ሳይክሎች 28 በ1 1/2 ደሞ 635። «26» የሚባለውም 559፣ 571፣ 584፣ 590 አለው። 584 ሞቷል ተብሎ ከቆየ በኋላ የተራራ ሳይክል ሠሪዎች 27.5 ብለው አንስተውት አሁን በየቦታው አለ፣ ያለፈበት የተባለ ልክ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ከሱ በላይ ማስረጃ የለም።

ጥያቄ፦ የአልሙኒየም ሳይክሌ ወድቆ ዲሬለሩ የሚንጠለጠልበት ሀንገር ተሰበረ። ሳይክሉን የሠራው ካምፓኒ ያንን ሞዴል አቁሟል። ሌላው ሁሉ አዲስ ነው።

መልስ፦ ይሄ የሚያበሳጨኝ ጉዳይ ነው። ሀንገር ሆን ተብሎ እንዲሰበር የተሠራ ነው፣ ቴላዮው እንዳይሰበር እሱ ይሰበራል፣ ሀሳቡ ጥሩ ነው። ግን እንዲሰበር ብለህ የሠራኸውን ዕቃ ለእያንዳንዱ ሞዴል የተለየ ቅርፅ ሰጥተህ ከጥቂት ዓመት በኋላ መሸጥ ማቆም ሰውን መበደል ነው። «ስራም» የሚባለው የሳይክል ዕቃ አምራች እ.ኤ.አ. በ2019 ዩ ዲ ኤች የሚባል ለሁሉም አንድ የሆነ ሀንገር አውጥቶ ብዙ ሠሪዎች እየተቀበሉት ነው፣ ያንተ ግን ከዛ በፊት ይመስላል።

የተሰበረውን ሁለቱን ቁራጭ አጋጥመህ ሚሊሜትር ወረቀት ላይ አስቀምጥና በሁለቱም ገፅ ፎቶ አንሳው። የቡሎኖቹን ብዛት፣ በመሀላቸው ያለውን ርቀት፣ ቡሎኑ ከውስጥ ነው ከውጭ የሚገባው የሚለውን ጻፍ። ሀንገር ብቻ የሚሠሩ ካምፓኒዎች አሉ፣ የሚያወዳድሩት በቅርፅ ስለሆነ የሳይክልህ ስም ሳይጠቀስ ይገኛል፣ አንድ ፋብሪካ ለብዙ ስሞች ቴላዮ ስለሚሠራ ያንተ ሀንገር ሌላ ሳይክል ላይም የመኖሩ ነገር ሰፊ ነው። ካልተገኘ ቁራጩን አይቶ ከአልሙኒየም የሚቆርጥልህ የማሽን ሠራተኛ በቂ ነው፣ የዲሬለሩ ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ በሁሉም 10 ሚሊሜትር በ1 ነው ማለት ይቻላል። ስታገኝ ሁለት ግዛ፣ አንዱን መቀመጫው ስር ባለው ቦርሳ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ሁለት ትንንሽ ነገር ልጠይቅ። የድሮ ዲናሞዬ የኋላውን አምፖል ቶሎ ቶሎ ያቃጥላል፣ አምፖሉም እየጠፋ ነው። ደሞ የብረት የሳይክል መንፊያዬ አየር አይይዝም፣ መለዋወጫ የለውም ተባልኩ።

መልስ፦ ዲናሞው 6 ቮልት 3 ዋት ነው፣ ከዛ ውስጥ 2.4 ዋቱን የፊቱ መብራት ይወስዳል፣ 0.6ቱን የኋላው። የፊቱ ሲቃጠል ወይ ሽቦው ሲላላ ጉልበቱ በሙሉ ወደ ኋላ ይሄድና ትንሿን አምፖል ያቃጥላታል፣ ስለዚህ ችግሩን ፊት ለፊት ፈልገው፣ የሽቦ መጋጠሚያውንና መብራቱ ቴላዮውን የሚነካበትን ቦታ ቀለሙን ፍቀህ አጽዳው። አምፖሉ ከጠፋ ደሞ ለሳይክል ዲናሞ ተብሎ የሚሠራ ኤል ኢ ዲ መብራት ግጠምበት፣ ከዲናሞው የሚወጣው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ ስለሆነ የባትሪ ኤል ኢ ዲ እንዲሁ እንዳትገጥም።

የመንፊያው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ዘንጉን አውጣው፣ ጫፉ ላይ ኩባያ የመሰለ ቆዳ አለ፣ ደርቆ ተጨማድዶ ነው። ዘይት ውስጥ ነክረህ አሳድረው፣ ጠርዙን በጣትህ ወደ ውጭ ዘርጋው፣ ግራሶ ቀብተህ መልሰው። ተቀዶ ከሆነም ከወፍራም ቆዳ ክብ ቆርጠህ አርጥበህ ቅርፅ አስይዘው። የዛሬ የፕላስቲክ መንፊያ ይሄን ዕድል አይሰጥህም፣ ለዚህ ነው እኔ የድሮውን የምወደው።

ጥያቄ፦ ሊጠፉ ነው የተባሉ ዕቃዎችን ካገኘሁ ገዝቼ ላጠራቅም እንዴ?

መልስ፦ የብረቱን አዎ፣ የጎማውን አይ። ኮን (ኳሶቹ የሚዞሩበት ሾጣጣ ብረት)፣ ኩባያ፣ ክራንኩን (የፔዳሉን ክንድ) አክስሉ ላይ የሚያስረው ፔርኖ (9.5 ሚሊሜትር ነው 9.0 የሚለውን ለክተህ)፣ ሀቡ ላይ በፊሌቶ የሚጠብቀው ፍሪዊል (የኋላ ጥርሶች)፣ እነዚህ በዘይት ተጠቅልለው ቢቀመጡ አይበላሹም። የድሮ ፍሪዊል ካለህ ግን መፍቻውንም አብረህ ያዝ፣ ሰንቱር የሚባለው ካምፓኒ የሠራው ባለ ሁለት ቀዳዳ ላይ መፍቻው በቀላሉ ይንሸራተትና ቀዳዳውን ይበላዋል፣ መፍቻውን በአክስሉ ዳዶ አጥብቀህ ይዘህ ሞርሳ ላይ አስረህ ቸርኬውን እንደ መሪ አዙረው፣ አንዴ ሲላቀቅ ወዲያው ዳዶውን አላላው። ራጂዎቹን ደሞ ፍሪዊሉን ሳታወጣ እንዳትፈታ፣ ቸርኬው ከወጣ ምን ይዘህ ታዞረዋለህ? ባዶ ሀብ ላይ የቀረ ፍሪዊል ማውጣት ከባድ ሥራ ነው።

ጎማ፣ የፍሬን ጎማ፣ የፍሬን እጀታ ላይ የሚለበስ ላስቲክ ግን ሳጥን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። «አዲስ ነው፣ አልተነካም» የተባለ የ30 ዓመት የፍሬን ጎማ ደርቆ ቸርኬውን አይይዝም፣ ነፍስህን አትስጠው። ለእነሱ ዛሬ የተመረተ ፈልግ፣ የእጀታ ላስቲክ ከአንድ በላይ ለሆኑ የድሮ ሞዴሎች የሚገጥም አሁንም አዲስ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ኦክታሊንክ ክራንክ (ከአክስሉ ጋር በጥርስ የሚጋጠም የሺማኖ ዓይነት) አለኝ፣ አክስሉ አልቋል። ማንኛውም ኦክታሊንክ ይሆነኛል?

መልስ፦ አይሆንም። ቪ1 እና ቪ2 አሉ፣ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። አክስሉ ላይ ያለው የጥርሱ ስንጥቅ ርዝመት 5 ሚሊሜትር ከሆነ ቪ1 ነው፣ 9 ከሆነ ቪ2። የማይገጥመውን አስገድደህ ካጠበቅከው የክራንኩ ውስጥ ይላጫል፣ ከዛ አክስል ሳይሆን ክራንክ ፍለጋ ትሄዳለህ። አሮጌውን አውጥተህ ለካው፣ ከዛ የቤቱን ወርድና የአክስሉን ሙሉ ርዝመት ጨምረህ ጻፈው፣ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ይዘህ ነው መጠየቅ ያለብህ።